ወጥ ቤት በቆላ አገር፤ በኢታንግና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የባልትና ምክር

ሰው ከአገሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ከጓዙ ሁሉ አስቀድሞ ይዞት የሚሄደው ልማዱን ነው። ልብሱ ቢያልቅ ሌላ ይገዛል፤ የእናቱን ቤት አሠራር ግን በቀላሉ አይለውጥም። ይልቁንም የወጥ ቤት ልማድ ከሁሉ የጠነከረ ነው። በደጋ ያደገች እመቤት ሊጥ በስንት ቀን እንደሚጋገር፣ ወጥ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ቅቤ በምን ዕቃ እንደሚቀመጥ ከእናቷ አይታ የተማረችው ስለ ሆነ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ትሠራበታለች። ልማዱም ለተወለደበት አገር ትክክለኛ ነው። ነገር ግን የጎጃም ወይም የሸዋ ብርድ ያስተማረው ልማድ በባሮ ወንዝ ዳር ሙቀት ሲሠራበት ሊጡ ከልክ በላይ ይኮመጥጣል፣ ለነገ የተባለው ወጥ ዛሬውኑ ይበላሻል፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በምግቡ ምክንያት ሕፃናት ይታመማሉ።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። እኛ ደግሞ ሙያ አገርን በማወቅም ነው እንላለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በኢታንግና እንደ እርሷ ባሉ የቆላ ከተሞች ለሚኖሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች በየዕለቱ የሚጠቅመውን የወጥ ቤት ጥበብ በየተራው እንገልጻለን። የምክሩም ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ እርሱም፣ በቆላ አገር የወጥ ቤቱ ሰዓት ቆጣሪ ሙቀት መሆኑን ዐውቆ ጥቂት ጥቂት መሥራት፣ በትኩሱ መብላት፣ የተረፈውንም ሳይበላሽ በብልሃት ማዋል ነው።

ኢታንግና ሙቀቷ

ኢታንግ በጋምቤላ ክልል በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟም በታሪክ ከተጻፈ ቆይቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራዩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ጣቢያው ኋላ በጋምቤላ ተቋቁሞ የእንፋሎት መርከቦች ወንዙ በሚሞላበት ወራት ከሱዳን እየመጡ የደጋውን ቡና ይጭኑ ነበር። እንግዲህ በዚህ አካባቢ የደጋውና የወንዝ ዳሩ ሕዝብ በገበያ መገናኘቱ የቆየ ነገር ነው።

በወረዳው የአኝዋ፣ የኑዌርና የኦፖ ሕዝቦች ይኖራሉ። ከእነርሱም ጋር ከደጋ የመጡ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በጋምቤላ ክልል ከመቶው ሰው 17 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ሆኖ ተገኝቷል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ኢታንግ ግን 500 ሜትር አትሞላም። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ባሮ ሞልቶ ሜዳውን የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ አለ። በበጋ ሙቀቱ፣ በክረምት ጎርፉና ርጥበቱ የወጥ ቤቱ ፈተናዎች ናቸው።

ሙቀት ምግብን እንዴት ያበላሻል?

በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን በየቦታው አሉ። ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሥራቸው ይደክማል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አይራቡም፤ በዚህ መካከል ግን ይባዛሉ። በተመቻቸው ጊዜ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ሒሳቡን ለትምህርት ቤት ልጆች እንደምንሰጠው አድርገን ብናሰላው፣ መጀመሪያ 1 የነበረው ተሕዋሲ በ1 ሰዓት 8፣ በ2 ሰዓት 64፣ በ6 ሰዓት ግን ከ262 ሺህ በላይ ይሆናል። ከምሳ የተረፈ ወጥ ክዳኑ ተደፍቶ እስከ እራት ሲቀመጥ የሚሆነው ይህ ነው።

የምግብ ባለሙያዎችም የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ። በኢታንግ የቀን ሙቀት ይህ ሁለተኛው ሕግ የሚሠራበት ወራት ብዙ ነው። አንዳንድ እመቤቶች «መልሼ ካፈላሁት ምን ይሆናል?» ይላሉ። ማፍላት ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ አስቀድመው በምግቡ ውስጥ የተዉትን መርዝ እሳት አያጠፋውም። ስለዚህ ሽታው የተለወጠ፣ አረፋ ያወጣ ወይም ሙሉ ቀን ሳይሞቅ የዋለ ወጥ፣ ምንም ያህል ቢያሳዝን፣ ለልጅ አይሰጥም።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው። ትልቁን ድስት ለበዓልና ለማኅበር አስቀምጦ ለዘወትር ትንሹን ድስት መያዝ ነው። ለእራት የሚሆነው ወጥ ከምሳው ጋር ቢሠራ እንኳ ገና ትኩስ ሳለ በክዳን ድስት ተለይቶ በፍም ላይ እየተንተከተከ ይቆይ፤ አለዚያ ቁሌቱን ብቻ አዘጋጅቶ የቀረውን በማታ መሥራት ይሻላል።

ስለ ውሃ

የወጥ ቤት ንጽሕና ከውሃ ይጀምራል። በ2017 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህ በሽታ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ ስለ ሆነ መከላከያው ከሐኪም ቤት በፊት በየወጥ ቤቱ ይገኛል። ይልቁንም ጎርፍ ካለፈ በኋላ የመጸዳጃው ጉድጓድና የውሃው ጉድጓድ ስለሚደባለቁ ጥርት ብሎ የሚታየውን ውሃ እንኳ ማመን አይገባም።

የወንዝ ውሃ ደፍርሶ ሲገኝ አስቀድሞ በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ማጥለል ጥሩ ነው። በሱዳን በዓባይ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሴቶች ደግሞ የሽፈራው ዛፍ ፍሬን ለዚህ ሥራ ይጠቀሙበታል። የደረቀው ፍሬ ተልጦ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በጣም ለደፈረሰ ውሃ ለ1 ሊትር 1 ወይም 2 ፍሬ ይበቃል። ዱቄቱ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ከተጨመረ በኋላ አስቀድሞ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በዝግታ 5 ወይም 10 ደቂቃ ይማሰላል። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ሲያርፍ ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጣል። ነገር ግን ይህ ውሃውን ያጠራዋል እንጂ ከበሽታ ፈጽሞ አያነጻውም፤ ስለዚህ የጠራውን ቀድቶ ማፍላት የግድ ነው። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ተንፈቅፍቆ ሲፈላ 1 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ማገዶ ያጠረው ቤተሰብ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው መጠን ይጨምር።

የፈላውን ውሃ ለማቀዝቀዝ ከሸክላ እንስራ የሚሻል የለም። ሸክላው ውሃን በጥቂቱ ወደ ውጭ ያልባል፤ ላቡም በነፋስ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንስራው በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አፉም ይከደን። ከውስጡ የሚቀዳውም ረጅም እጀታ ባለው መቅጃ ይሁን እንጂ እጅ የሚነካው ኩባያ አይግባበት። ብዙ ቤት ውሃውን አፍልቶ ደክሞ፣ በመጨረሻ በኩባያው መልሶ ያቆሽሸዋል።

ስለ እንጀራና ስለ ዱቄት

ጤፍ በኢታንግ ከደጋ ተጭኖ የሚመጣ እህል ስለ ሆነ ዋጋው ይከብዳል፤ በወንዙ ዳር በደንብ የሚበቅሉት በቆሎና ማሽላ ናቸው። ብልህ እመቤት ጤፉን ከነጭ ማሽላ ጋር በእኩል ትደባልቃለች። የማሽላና የበቆሎ እንጀራ ሲያድር የሚሰነጣጠቀው አብሲቱ ሲያንስ ነው። ከተቦካው ሊጥ ጥቂት ወስዶ በውሃ በጥብጦ በእሳት ላይ እያማሰሉ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ማብሰል፣ ለብ ሲልም ወደ ሊጡ መመለስ እንጀራውን ያያይዘዋል፣ ዓይንም ያወጣለታል። ማሽላ ሲበዛ አብሲቱም ይብዛ።

በደጋ ሦስት ቀን የሚጠይቀው ሊጥ በቆላ በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይደርሳል። ቀን እየቆጠሩ መጠበቅ ትቶ ሊጡን ማየት ይገባል፤ ውሃው ከላይ ሲጠልል፣ አረፋውም ሲረጋ ደርሷል ማለት ነው። እንዳይኮመጥጥ እርሾውን በደጋ ከለመዱት መጠን በግማሽ መቀነስ፣ ቡሃቃውንም ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሰፊ ሣፋ ውስጥ ማቆም ይረዳል። የጠለለውን ውሃ ቀድቶ መድፋትም ኮምጣጣነቱን ያበርደዋል።

የተጋገረው እንጀራ በትኩሱ ከተደራረበ ላቡ ተመልሶ ያረጥበዋል፤ ሻጋታም ከዚያ ይነሣል። አንድ በአንድ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ወደ መሶብ ይግባ። መሶቡም በየሳምንቱ ተራግፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የአሮጌው እንጀራ ፍርፋሪ ለአዲሱ የሻጋታ ዘር ነውና። በሳምንት አንድ ጊዜ 30 እንጀራ ከመጋገር ይልቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 መጋገር ይሻላል። የተረፈውም ገና ጤነኛ ሳለ ተቆራርሶ በፀሐይ ድርቆሽ ቢሆን ለወራት ይቀመጣል፤ ለመንገደኛም ስንቅ ነው።

ስለ ሻጋታ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የሻገተውን ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መብላት አይገባም፤ ሥሩ ከዓይን ርቆ በውስጥ ይሄዳልና። ይልቁንም የሻገተ በቆሎና የሻገተ ለውዝ ማብሰል የማያጠፋው፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለበት። ለዶሮ እንኳ መስጠት አይገባም። በቆሎው ከመከተቱ በፊት በጥርስ ሲነከስ ጠንክሮ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ይድረቅ፤ ከመሬትም በርብራብ ላይ ከፍ ይበል።

ስለ ጥራጥሬና ስለ ወጥ

በዚህ ረገድ ቆላ ለእመቤቲቱ ጥቂት ይረዳታል። በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ያህል ሲፈላ፣ በኢታንግ ግን በ98 ዲግሪ ያህል ይፈላል። አየሩ ከባድ ስለ ሆነ ውሃው የበለጠ ካልሞቀ አይፈላም። ስለዚህ ምስርና አተር በኢታንግ ከደጋው ቀድመው ይበስላሉ። በደጋ ልማድ እሳቱን የምታቆይ ሴት ማገዶ ታባክናለች፣ ምስሩንም ታፈርሰዋለች። ቀድማ ትቅመስ፣ ቀድማም ታውጣ።

ሽንብራና ባቄላ መዘፍዘፍ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደጋ ከማታ እስከ ጧት የሚዘፈዘፈው፣ በዚህ ሙቀት ሌሊቱን መቦካት ይጀምራል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል፤ ውሃውም በመካከሉ ይለወጥ። ጊዜ ሲያጥር 2 ወይም 3 ደቂቃ አፍልቶ ከእሳት ማውጣትና ከድኖ ለ1 ሰዓት መተው ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ ዘፍዛፊው ውሃ ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ከ10 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ በኃይል መፍላት አለበት፤ በጥሬነቱ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለውና፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ይበስላል።

ለዘወትር ወጥ የሚሆኑ ጥቂት ብልሃቶችንም እነሆ እንጽፋለን።

ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በጥቂት ውሃ ጠብታ እየተቁላላ ይለስልስ፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ቢገባ ግማሹ ይበቃል። በርበሬው ሲገባ ውሃ እየጠበጠቡ ማማሰል እንዳያርር ይጠብቀዋል። ያረረ በርበሬ መራራ ይሆናል፤ መድኃኒትም የለውም፤ ድስቱን አጥቦ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ጨው የበዛበት ወጥ ድንች በመጣል ብቻ አይድንም፤ ድንቹ ከነጨው መረቁን ይመጠዋል እንጂ ጨውን ለይቶ አይወስድም። እውነተኛው መፍትሔ ጨው ያልገባበት ክክ፣ ሽንኩርት ወይም ውሃ ጨምሮ ወጡን ማብዛት ነው። በርበሬ ለበዛበትም እንዲሁ ነው።

ሽሮ እንዳይጓጉል አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይግባ። ነጭ ሽንኩርት ለመላጥ ቢያስቸግር ለጥቂት ደቂቃ በለብታ ውሃ ይቀመጥ። ቀይ ሽንኩርት ዓይን እንዳያስለቅስ ቢላዋው የተሳለ ይሁን፤ ዱልዱም ቢላዋ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፣ የሚያስለቅሰውም ጭማቂ ከዚያ ይወጣል። እንቁላል ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ በውሃ ውስጥ ይጣል፤ የሰጠመው አዲስ ነው፣ የተንሳፈፈው ግን ይጣል።

ስለ ዓሣ

ባሮ የዓሣ ወንዝ ነው። ለደጋ ሰው ዓሣ አልፎ አልፎ የሚቀምሰው ነገር ሲሆን፣ በኢታንግ ግን ከሥጋ ይልቅ ለእጅ የቀረበ ምግብ ነው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በብዙ ክርስቲያን ቤት አይበላም፤ ቀረሶና ሌሎቹ ባለ ቅርፊት ዓሦች ግን ይሠራሉ። ዓሣን በጾም ስለ መብላት ጥያቄ ያለው ቤተሰብ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ ይህ የቀኖና ጉዳይ ነውና በባልትና ምክር የሚወሰን አይደለም።

ጥሩ ዓሣ ዓይኑ ጥርት ያለና ጎላ ያለ ነው፤ ስንጥቡ ቀይ ነው፤ ሥጋው በጣት ሲጫን ተመልሶ ይሞላል። ዓይኑ የጎደጎደና ስንጥቡ የጠቆረ፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ አይገዛም። ዓሣው እንደ ተገዛ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይታጠብ፤ ጧት የተያዘ ዓሣ ማታ ድረስ ሳይሠራ አይዋል። ሲበስል ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ መላቀቅ አለበት። ሽታውን ሎሚና ጨው ያጠፉታል፤ እጅንና መክተፊያንም በሎሚ ልጣጭ ማሸት ጥሩ ነው። ዓሣውና ሥጋው በጥሬነታቸው የተከተፉበት መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ እንዳይከተፍበት እመቤቲቱ ትጠንቀቅ።

ዓሣ ሲረክስ ገዝቶ ማስቀመጥ የፈለገ ሰው ከሁለት ሰንጥቆ፣ ለ4 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ያህል ጨው አሽቶ፣ በቆጥ ላይ ዝንብ በማያገኘው ሁኔታ በሻሽ ሸፍኖ ያድርቀው። ሲፈለግ በውሃ ተዘፍዝፎ ጨው ከወጣለት በኋላ ይወጠወጣል።

ከጎረቤት የሚገኝ ትምህርት

ወደ ኢታንግ የመጣ ደገኛ ብዙ ጊዜ «ጎመኔ አጣሁ፣ ጤፌ ተወደደ» እያለ ያማርራል፤ ዓይኑን ከፍቶ ቢያይ ግን ለጾም የሚሆነው አትክልት በአጠገቡ ነው። ባሚያ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። የሚያንሸራትተው ልጋግ የማይወደድ ከሆነ፣ ሳይቆረጥ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ከተቆረጠ በኋላ አይታጠብ፤ ሲበስልም ቲማቲም ወይም ሎሚ ይግባበት። ተቆርጦ በፀሐይ የደረቀና የተወቀጠ ባሚያ በሱዳን «ወይካ» ይባላል፤ አንድ ማንኪያ ብቻ ቀጭኑን ወጥ ያወፍረዋል። የዱባ ቅጠልም ለጋው ተለቅሞ፣ ግንዱ ተልጦ፣ እንደ ጎመን ይሠራል። በናይል ሸለቆ አገሮች እንዲህ ያለውን ቅጠል በተወቀጠ ለውዝ ይሠሩታል፤ ለጾም ቤት ይህ ዘይትንም ገንቢ ምግብንም አንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ማንጎም ሲበዛ እንዳይበሰብስ በስሱ ተቆርጦ በሻሽ ሥር በፀሐይ ይድረቅ።

አኝዋዎች በወንዙ ዳር፣ ጎርፉ በተመለሰበት ለም አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ የሚዘሩ ገበሬዎች ናቸው። ኑዌሮች ከብት አርቢዎች ሲሆኑ የማሽላ ምግባቸውን በወተት ይበላሉ። እነዚህ ሕዝቦች በዚህ ሙቀት ከነልጆቻቸው ብዙ ዘመን ኖረዋል። የጎረቤትን ሴት «ይህን እንዴት ትሠሪዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ለወጥ ቤት ትምህርት፣ ለጉርብትናም ፍቅር ነው።

ስለ ቅቤ፣ ስለ በርበሬና ስለ ማገዶ

ቅቤ የሚበላሸው በውስጡ ባለው ውሃና አሬራ ነው። በለዘብተኛ እሳት ኮረሪማ፣ እርድና ኮሰረት ገብቶበት፣ አረፋው አልቆ፣ መንጫጫቱም ቆሞ ሲጠራ ውሃው ወጥቶለታል። ጠልሎ ፈጽሞ በደረቀ ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚጨለፍበትም ማንኪያ ደረቅ ይሁን። አንድ የውሃ ጠብታ የወር ድካምን ያበላሻል። በርበሬና ሽሮም ከወፍጮ እንደ መጡ በትኩሱ አይከተቱ፤ በረድ ካሉ በኋላ አፉ በሚገጥም ዕቃ ይግቡ። በክረምት ደመናው ሲገፈፍ አውጥቶ ፀሐይ ማሳየት ልማድ ይሁን።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ሁለት የሸክላ ማሰሮዎችን አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው ርጥብ አሸዋ ቢሞላ፣ ቲማቲምና ቅጠላ ቅጠል ለብዙ ቀን ይቆይለታል። ይህን ዘዴ ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ አስፋፍቶት በ2000 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ነፋሻና ደረቅ በሆነው በጋ በደንብ ይሠራል፤ በርጥብ ክረምት ግን ኃይሉ ይደክማል።

ማገዶ በኢታንግ ወረዳ ከቀን ወደ ቀን ሩቅ እየሆነ የሚሄድ ነገር ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ስደተኞችም በወረዳው ተጠልለው ያንኑ ደን ይጋራሉ። ለእንጀራ «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ማገዶ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጭሱም ስለሚያንስ የእናቲቱን ዓይንና ሳንባ ያሳርፋል። ሌላው ብልሃት የገለባ ሣጥን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ማገዶ ለመቆጠብ ብዙ ተሠርቶበታል። ክኩ ወይም ንፍሮው በደንብ ከፈላ በኋላ ድስቱ ከነክዳኑ ገለባ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ይቀበራል፣ ከላይም በብርድ ልብስ ይሸፈናል። በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይጨርሳል። ከመብላቱ በፊት ግን እንደገና ይፍላ፤ ለማግሥትም አይደር።

በጾምና በፋሲካ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም አገሩ እንደ እሳት በሚግልበት ወራት ነው። ከቅዳሴ የሚመለስ ጾመኛ የሚያገኘው ምግብ ጧት ተሠርቶ የዋለ ከሆነ፣ ባዶ ሆድ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከበሽታ ጋር ይቀበላል። ስለዚህ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ይሠራ፤ ጧት የሚሠራው መልቀም፣ መላጥና መክተፍ ብቻ ይሁን። ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባን እናት፣ ሕመምተኛንና ሕፃናትን በሚመለከት ቤተ ክርስቲያን ርኅሩኅ እናት ናትና የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል።

የፋሲካ ዶሮ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በደጋ ቅዳሜ ቀን ተሠርቶ እስከ ሌሊት ይቆያል። በኢታንግ ግን ሽንኩርቱ በቀን ተቁላልቶ ይዘጋጅ፤ ዶሮው ወደ ማታ ይታረድ፤ ወጡም ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ በፊት ያልቅ። ከሌሊት ቅዳሴ ሲመለሱ ወጡ ከታች እስከ ላይ ተንፈቅፍቆ ሳይፈላ አይቀመስ። ማለዳ የተረፈውም ለጎረቤትና ለድኻ በትኩሱ ይከፈል፤ በዓሉ ያዘዘውም ይህንኑ ነው።

ሕፃን ሲያስቀምጠው

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕፃን ቢያስቀምጠው የመጀመሪያው መድኃኒት ከወጥ ቤት አይርቅም። የሕይወት አድን ዱቄት እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው ይበጥበጥ። ማንኪያው ተቆልሎ ሳይሆን ተስተካክሎ ይሰፈር፤ ጨው መብዛት ይጎዳልና። ጥቂት በጥቂት በማንኪያ ይሰጠው፤ ጡትም አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ደም ከታየ፣ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባወጣው ምክር ይህን ነገር በ5 ቃል ጠቅልሎታል፤ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ አብስሎ መብላት፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማኖር፣ በንጹሕ ውሃና በጤነኛ እህል መሥራት ናቸው። ይህን ጽፎ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለቤቱ ልጆች የሚገባ ሥራ ነው። ውሃ መቅዳትና ማገዶ ማምጣትም የእናትና የሴት ልጅ ሸክም ብቻ እንዳይሆን አባወራውና ወንዶች ልጆች ይካፈሉት።

ጌታችን በበረሃ 5 እንጀራ አበርክቶ ሕዝቡን ባጠገበ ጊዜ፣ ሁሉን ከምንም መፍጠር ሲቻለው፣ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ 12 መሶብም ተነሥቷል። ከዚህ የምንማረው እህልን ማክበር ጽድቅ መሆኑን ነው። ነገር ግን ማክበር ማለት የተበላሸውን መብላት አይደለም፤ እንዳይበላሽ አስቀድሞ ማሰብ ነው። በቆላ የምትኖር እመቤት ልክ ዐውቃ ስትሠራ፣ በትኩሱ ስታቀርብ፣ የቀረውን ድርቆሽ ስታደርግ ወይም ለጎረቤት ስትልክ፣ መሶቧን በማስተዋል ትጠብቃለች፣ ልጆቿንም ከሞት ትከላከላለች። እግዚአብሔር የቤታችሁን ማዕድ ይባርክ።